«ሆድ ይፍጀው» እያልን የምንቀብረው ምስክር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስ እናውቃለን። አልቃሽ አለች፣ ሙሾ አለ፣ የሟች ልብስና ጠመንጃ አደባባይ ይወጣል። ጀግና እንዴት እንደሚወደስም እናውቃለን፤ ፉከራው፣ ሽለላው፣ ቀረርቶው ለዚያ ነው። ለሞተ ሰው ቃል አለን። ለገደለ ሰውም ቃል አለን። ሳይሞትም ሳይገድልም መከራን አልፎ ለተረፈ ሰው ግን ምን አለን? አንድ አባባል ብቻ፦ «ሆድ ይፍጀው»።

የዛሬው ጽሑፌ በዚህ አባባል ላይ ነው። ምክንያቱም ጊዜው እያለቀ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ1977ቱ ረሀብ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ በ2018 ዓ.ም. 61 ዓመቱ ነው። ያኔ የ30 ዓመት የልጆች እናት የነበረች 71 ሆናለች። ጎተራው ባዶ መሆኑን ያየው፣ በሬውን ለመሸጥ የወሰነው፣ ቤተሰቡን ይዞ ለመሰደድ የቆረጠው የ40 ዓመት አባወራ ደግሞ በሕይወት ካለ 81 ነው። ያን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች እየሄዱብን ነው። የሚቀሩልን ያኔ ሕፃናት የነበሩት ናቸው። እነሱ ረሀቡን ያስታውሳሉ፤ ረሀቡ እንዴት ደጅ እንደደረሰ ግን የሚያውቁት ወላጆቻቸው ነበሩ።

ይህን ሒሳብ ከእኛ ቀድመው የሠሩ ሕዝቦች አሉ። ናዚዎች 6 ሚሊዮን አይሁዶችን ከፈጁ በኋላ በሕይወት የተረፉት ሰዎች ወዲያው አልተናገሩም። የሚሰማቸውም ብዙ አልነበረም። ሁሉም ኑሮውን ለመጀመር ይሯሯጥ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢየሩሳሌም ላይ አዶልፍ አይክማን ለፍርድ ሲቀርብ ነው። ከ100 በላይ ምስክሮች ቆመው የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ልጆቻቸውና የልጆቻቸው ጓደኞች በሬዲዮ ሰሙ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ትምህርት ቤት እየገቡ ክንዳቸው ላይ የተነቀሰውን ቁጥር እያሳዩ ለተማሪ መናገር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የፊልም ባለሙያው ስቲቨን ስፒልበርግ ባቋቋመው ድርጅት ከ50,000 በላይ ምስክርነቶች በቪዲዮ ተቀረጹ። ዛሬ የመጨረሻዎቹ ምስክሮች ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። ቢሄዱም ቃላቸው ተቀምጧል።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው፣ መንግሥት አላቸው» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ምሳሌውን ወደ ጎንደር እናምጣው። በዚያው በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ምድር ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን የተሻገሩ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ወደ 4,000 የሚገመቱት በመንገድና በሱዳን የስደተኛ ካምፖች አልቀዋል። የተረፉት እስራኤል ሲገቡ «ሆድ ይፍጀው» ብለው አልተዉትም። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ለሞቱት መታሰቢያ ቆሟል፤ በየዓመቱም ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ያን መንገድ ሲጓዙ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ለልጆቻቸው ይናገራሉ። አንድ ምድር፣ አንድ ዓመት ነው። የሄዱት ሐውልት አቆሙ። እኛ የቀረነውስ? ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ስትጓዝ ለሰባ ሰባት ሙታን የቆመች አንዲት ድንጋይ አይተህ ታውቃለህ?

አገራችን ፈጽሞ አልሞከረችም ማለቴ አይደለም። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ጎብኚውን ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ የሰውዬውን ጠባሳ እያየ ይሰማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ቀይ ሽብር በብዛት የበላው የተማረውን የከተማ ወጣት ነው። ጓደኞቹ መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ጻፉም። የገበሬው ረሀብ ግን ጸሐፊ አልነበረውም። ፎቶግራፉን የውጭ ሰው አነሣው፤ ታሪኩንም የውጭ ሰው ተረከው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከቆረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አንቀሳቀሰ። ዓለም የሚያውቀው ግን የፊቶቹን መክሳት ነው። የሰዎቹን ስም፣ ቀዬ፣ ሐሳብና ውሳኔ አልያዘም። ያ የእኛ ሥራ ነበር።

ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው፣ ድርቅና ረሀብ አንድ አለመሆናቸውን ከምስክር በተሻለ የሚያስረዳ የለም። ወጣቱን ስለ ሰባ ሰባት ብትጠይቀው «ድርቅ ነበር» ይልሃል። ድርቅ ከሰማይ ነው፤ ረሀብ ውስጥ ግን የሰው እጅ አለበት። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1966ቱን የወሎ ረሀብ መርምሮ ያሳየው ይህንን ነው። ሰው ያለቀው በአገሩ ሁሉ እህል ስለጠፋ አልነበረም። ገበሬውና ከብት አርቢው እህል የሚገዙበት አቅም ስላጡ ነው፤ የከብቱ ዋጋ ወድቆ የእህሉ ስለማይቀመስ ነው። ሴን ከአኃዝ ተነሥቶ የደረሰበትን የስማዳ ሽማግሌ ከገበያ ያውቀዋል። በሬው ስንት ቁና እህል እንዳመጣ፣ መጀመሪያ ምን እንደሸጠ፣ ቀጥሎ ምን እንደሸጠ፣ የዘር እህሉን ለመብላት የወሰነበትን ሌሊት አይረሳም። የዘር እህል መብላት ማለት የሚቀጥለውን ዓመት መብላት ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በልቶት ያየ ሰው ነው።

ይህ የጥንት ወሬ አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስማቸው ከምግብ ዋስትና ሰነድ ያልወጣ ወረዳዎች ናቸው። በበሽሎ ሸለቆ ቆላ ዝናብ ሲያጥር ምልክቱን ቀድሞ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። የገበያው ምልክት ከሪፖርቱ ቀድሞ ይታያል። «የምግብ እጥረት» የሚል የቢሮ ቃል ከመጻፉ በፊት «ይህ ሰባ ሰባትን ይመስላል» ለማለት የሚችለው ሰባ ሰባትን ያየው ነው። እሱ ሲሞት ማስጠንቀቂያችንም አብሮ ይሞታል።

ሁለተኛው፣ ወረቀት የሚዋሽበት ጊዜ አለ። በመስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ኢሠፓን ሲመሠርት፣ ረሀቡ በሰሜኑ አገር እየተስፋፋ ነበር። የዚያን ወር ጋዜጣ ብታገላብጥ የምታገኘው በዓሉን ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ፣ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ባለው እብናት፣ በእርዳታ ጣቢያ ተጠልሎ የነበረ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ «ወደ ቀያችሁ ሂዱና እረሱ» ተብሎ በኃይል ተበተነ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ብዙዎቹ ለመራመድ አቅም ያልነበራቸው ነበሩ። ወሬው በውጭ አገር ሲሰማ መንግሥት የአካባቢ ባለሥልጣን ስሕተት ነው አለ። ሰነዱ እዚያ ላይ ያበቃል። ከእብናት ተነሥቶ የሄደው ሰው ግን የት ደረሰ? ማን በመንገድ ቀረ? ማን ውሃ ሰጠ? ይህን የሚያውቀው የተጓዘው ሰው ብቻ ነው፤ ዛሬም በአካባቢያችን በሕይወት ያሉ አሉ።

የምስክር ቃል ወረቀትን እንደሚያርም ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ያስተምረናል። በግንቦት 1929 ግራዚያኒ ያስጨፈጨፋቸውን መነኮሳትና ዲያቆናት ቁጥር የጣሊያን ቴሌግራም 449 ብሎ መዝግቦታል። ያ ቁጥር ለአሥርት ዓመታት ተጠቀሰ። ኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የቀሩትን ሽማግሌዎች ፈልገው፣ ቦታውን በእግራቸው አስሰው ሲመረምሩ የሟቾቹ ብዛት ከ1,000 በእጅጉ እንደሚበልጥ አሳዩ። እነዚያ ሽማግሌዎች ከሃያ ዓመት በፊት ሞተው ቢሆን ኖሮ የገዳዩ ቁጥር የታሪክ ቁጥር ሆኖ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው፣ ዝምታ ባዶ ቦታ አይተውም። እውነተኛው ምስክር ዝም ሲል ቦታውን የሚይዘው ያላየው ነው። የዛሬ ልጅ ከአያቱ ያልሰማውን ከስልኩ ይሰማል፤ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ ተለጥፎበት፣ ማን ጠላት እንደሆነ ተነግሮት ያበቃል። በምስክሩ ቃል ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። የጨከነ ዘመድ አለ፤ ያበላ ባዳ አለ። በር የዘጋ ባለጠጋ አለ፤ ያለችውን አንዲት ቁና ለሁለት የከፈለች ድሃ አለች። ምስክር ነገሩን ያወሳስብብሃል። የተወሳሰበ ነገር የሰማ ሰው ደግሞ ለጥላቻ በቀላሉ አይነዳም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ።

«ቁስል መነካካት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። አክብሬ እሰማቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ቁስለኞች ናቸው። መናገር የማይፈልግ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ ይህ የማይነካ ነው። ግን በሥራዬ ምክንያት ከሽማግሌዎች ጋር ስቀመጥ የማስተውለው ነገር አለ። ብዙዎቹ ዝም ያሉት መናገር ጠልተው አይደለም። ጠያቂ አጥተው ነው። «ልጆቹ አይሰሙም» ብለው ስለደመደሙ ነው። ለመናገር አለመፈለግና የሚሰማ ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን ሁለቱንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን በአንድ ከረጢት ከተናቸዋል።

«ታሪክ መንገር ቂም ያወርሳል» የሚሉም አሉ። ይህኛው ከባድ ነው፤ በተለይ እንደኛ ደም በሚመለስበት አገር። ነገር ግን የራሳችንን ሥርዓት እንይ። ደም ማድረቅ እንዴት ነው የሚደረገው? ሽማግሌ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ነገሩን ያሰማል። ማን ምን እንዳደረገ ይነገራል፣ በዳይ ያምናል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው እርቅ የሚወርደው። ሳይነገር የደረቀ ደም አባቶቻችን አያውቁም። ቂም የሚያወርሰው ነገሩ ተነግሮ ማለቁ አይደለም፤ ግማሹ ተነግሮ ግማሹ መቅረቱ ነው። ልጅ ግማሹን ሰምቶ የቀረውን በራሱ ቁጣ ይሞላዋል።

ከዚህ ወደ አዲሱ ቁስላችን እንለፍ፤ እዚህ ላይ እግራችንን ቀስ እናድርግ።

በነሐሴ 2013 የሕወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ያዙ። በ2014 ኅዳር መባቻ ላይ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ 16 የከተማዋ ሴቶች መደፈራቸውን ተናገሩ፤ 14ቱ በቡድን እንደተደፈሩ ገለጹ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ደግሞ ከ70 በላይ ሴቶች እንዳመለከቱ ለድርጅቱ ነገሩት። ጤና ተቋማቱ ተዘርፈው ስለነበር ሴቶቹ ተገቢውን ሕክምና እንኳ አላገኙም። ከዚያ ዘገባ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ያው ድርጅት በትግራይ የተደፈሩ 63 ሴቶችን ቃል ሰብስቦ በኢትዮጵያና በኤርትራ ወታደሮች እንዲሁም በአማራ ታጣቂዎች የተፈጸመውን አውጥቷል። ይህን የምጠቅሰው አንዱን በሌላው ለማጣፋት አይደለም። የእኛን እህቶች ቃል እመኑ የምንል ከሆነ የእነዚያንም ቃል ለማመን ጆሯችን ክፍት መሆን ስላለበት ነው። የምስክርን ቃል ወገን እያየ የሚያምን ሰው ምስክር አይሰማም፤ ወገኑን ብቻ ነው የሚሰማው።

ለእነዚህ እህቶች «ውጡና ለወጣቱ ተናገሩ» የምንልበት ጊዜ አይደለም። ቀድመን የምንሰጣቸው ሕክምናውን፣ ድጋፉንና ፍትሑን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ካሜራ ይዞ እየሮጠ «እንዴት ነበር?» የሚል ጠያቂ ብዙ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ «እንዴት ሰነበትሽ?» ያለ ግን ጥቂት ነው። እኛ ጋዜጠኞች ይህን ማወቅ አለብን። የተረፈች ሴት ቃሏ የራሷ ንብረት ነው። ዛሬ ተናግራ ነገ «አውጡልኝ» ካለች ይወጣል። ስሟ፣ ፊቷ፣ ቀበሌዋ ሳይታወቅ ቃሏ ብቻ በታመነ ቦታ ተቀምጦ ከሃያ ዓመት በኋላ ይከፈት ካለችም ፈቃዷ ነው። ማስቀመጥና ማሰራጨት አንድ አይደሉም። ዛሬ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ግዴታችን ነው፤ ማሰራጨቱ የእሷ ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መንግሥት ሙዚየም ይሥራ ብዬ ልጨርስ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ውጊያ አለ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌ «ምስክሮች ትምህርት ቤት ገብተው ይናገሩ» ማለት ቀልድ ነው። ነገር ግን ለመስማት ክፍልና ሰሌዳ አያስፈልግም። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ የቡናው ሰዓት አለ። ሽማግሌዎቻችን ያሉት እዚያ ነው። ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ርቀው ቤት ናቸው። ክፉ ቀን ራሱ ሁለቱን አንድ ቤት አስቀምጧቸዋል።

ስለዚህ ይህን የምታነብ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ልጅ፣ አዲስ አበባም ሁን ባሕር ዳር፣ ዓረብ አገርም ሁን አሜሪካ፣ የምጠይቅህ ትንሽ ነገር ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ። አንቱ ብለህ፣ ዝቅ ብለህ ተቀምጠህ «ልቅዳው ወይ?» በል። እምቢ ካሉ ስልኩን አስቀምጥና ዝም ብለህ ስማ።

በዓመተ ምሕረት አትጠይቅ። ገበሬ ጊዜን በቁጥር አያስቀምጥም። «እገሌ በተወለደ ጊዜ፣ ያች ቀይ ላም በሞተች ጊዜ» እያልክ ግባ፤ ቀኑ ራሱ ይመጣል።

«ምን ተሰማዎት?» ብለህ አትጀምር፤ ይህ የቴሌቪዥን ጥያቄ ነው። «መጀመሪያ ምን ሸጡ? ምን በላችሁ? ሳማውን እንዴት አበሰላችሁት? ወዴት ሄዳችሁ? ማን አብሮ ነበር? ማን ቀረ?» ብለህ ጠይቅ። ነፋስ መውጫ የቻይና መንገድ ዳር የነበረ ሰው እርዳታ እንዴት እንዳገኘ፣ በሽሎ ወይም ዓባይ ሸለቆ የነበረው ደግሞ እንዴት እንደሆነ ለይተህ ስማ። የሞቱትን ስም አስጠራ። ስም ከነአባት ስም መዝግብ፤ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ የትም አልተጻፉም።

የሚያሳፍረውን አትቁረጥ። የሰረቀ አለ፣ ልጁን ትቶ የሄደ አለ፣ የጎረቤትን በር አልፎ የሄደ አለ። ሽማግሌው ይህን ከነገሩህ አምነውህ ነው፤ አትፍረድ። የረሀብን ክፋት የሚያሳየው ደህናውን ሰው ምን እንዳደረገው ነው። ስም እንዳይወጣ ካሉህ ግን ስም አታውጣ።

የቀዳኸውን ከየት ቀበሌ፣ በምን ቀን፣ ከማን እንደሰማህ ተናግረህ አስከትልበት፤ ሁለት ቦታ አስቀምጠው። ቴሌግራም ላይ ጥለኸው አትሂድ፤ ስልክ ይጠፋል፣ አካውንት ይዘጋል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቋንቋ መምህራን ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጣ ወደ አያቱ ቤት ላኩት። አንድ ተማሪ አምስት ሽማግሌ ቢሰማ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአንድ አውራጃ መዝገብ ይኖረናል። ይህን ለመጀመር በጀት አይጠበቅም።

አያቶቻችን ስለ 1880ዎቹ ክፉ ቀን ያወረሱን ምን ነበር? «ክፉ ቀን» የሚለውን ስም፣ ከብቱ ሁሉ ማለቁን፣ ከዚያ የዘለለ ጥቂት ነገር። የሞቱት እነማን እንደነበሩ፣ የተረፉት በምን እንደተረፉ አብዛኛው ጠፍቷል። ያኔ ቃል የሚይዝ መሣሪያ በገበሬ እጅ አልነበረምና አንወቅሳቸውም። እኛ ግን እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ መቅጃ አለ። የልጅ ልጆቻችን «ሰባ ሰባት» የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዘው ቢቀሩ ምክንያት የለንም።

ሆድ ብዙ ነገር ችሏል። ረሀብ ችሏል፣ ሐዘን ችሏል፣ ምስጢርም ችሏል። ያ ሆድ ግን የሽማግሌ ሆድ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በዚህ ሳምንት ለቤትህ ስትደውል «እንዴት ናችሁ» ብለህ ስታበቃ ስልኩን ቶሎ አትዝጋው። «እስቲ ለእማማ ስጡልኝ» በልና አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፦ «በሰባ ሰባት ማን ማን ነበር ከእርስዎ ጋር?»